ዋጋ ያልጠየቁት አናጺ

በሥራ ቀን የክት ኮቱን ለብሶ፣ ጫማውን አስቦርሾ አውቶቡስ የሚጠብቅ አናጺ ያየ ሰው፣ ለቅሶ አለበት ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም። በዚያ ማክሰኞ ረፋድ ማቆሚያው ጥላ ሥር የቆሙት ሽማግሌ አናጺ ግን ለቅሶ አልነበረባቸውም፤ መኪና ሊገዙ እየሄዱ ነበር። የባንክ ደብተራቸውን በኮታቸው የውስጥ ኪስ ከትተው በየደቂቃው በመዳፋቸው እየዳሰሱ መኖሩን ያረጋግጣሉ።

ሰፈርተኛው እኚህን ሰው ጋሽ አንድቃል ይላቸዋል። በር ላሠራ፣ አልጋ ላሠራ ብሎ ወደ ሥራ ቤታቸው ለሚገባ ሰው ዋጋ የሚናገሩት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። «ትንሽ ይቀንሱልኝ» ያለ ሰው መልስ አያገኝም፤ መላጊያቸውን አንስተው ሥራቸውን ይቀጥላሉ። ሰውዬው ቆሞ ቆሞ ወይ ይስማማል፣ ወይ ይሄዳል። ሲገዙም እንዲሁ ናቸው፤ የተጠየቁትን ከፍለው፣ አመስግነው ይወጣሉ። ይህን ጠባያቸውን ሰው ያከብርላቸው ነበር፤ እሳቸውም ትንሽ ይኮሩበት ነበር፤ ትንሽ ማለቴ ለአፍ ያህል ነው።

አውቶቡሱ ሳይመጣ የእህታቸው ልጅ መጣች። ይህች ልጅ የአንድ ሆስፒታል የግዥ ክፍል ሠራተኛ ናት፤ ጓንትና ፋሻ ከሚያቀርብ ነጋዴ ቢሮ ወጥታ ወደ ሥራዋ ስትመለስ ነበር አጎቷን ያየቻቸው።

«ጋሼ፣ ደህና ነው? ማን ሞተ?» አለች ኮቱን አይታ።

«ማንም አልሞተ። መኪናዋን ላመጣ ነው» አሉ፤ ደስታቸውን ሊደብቁ ቢሞክሩም አልቻሉም።

ልጅቱ ስለ መኪናዋ ታውቃለች። ከእናቷ ጋር በጋራ የሚገዟት፣ ገና አንድ ኪሎ ሜትር ያልሄደች አዲስ ፒክአፕ ናት። ጠዋት ጠዋት የአናጺውን በርና መስኮት ታደርሳለች፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ እናቷ በልብስ ንጽህና ቤቷ ያጠበችውንና የተኮሰችውን አንሶላ ለሆቴል ታደርሳለች። ሆቴሉ ከመጪው ወር መጀመሪያ አንስቶ አንሶላው በመኪና እንዲመጣለት፣ ካልሆነ ሌላ አጣቢ እንደሚፈልግ ለእናትየው አስታውቋል። ሁለቱ እህትና ወንድም ያላቸውን ሁሉ አሟጠው ስድስት መቶ ሃያ ሺህ አዋጥተዋል፤ ሦስት መቶ አሥሩ የእናትየው የስድስት ዓመት ትርፍ ነው።

«በስንት ተስማማችሁ?» አለች ልጅቱ።

«ገና አልጠየቅሁም።»

የሚቀልዱ መሰላት። ፊታቸውን አየች፤ አይቀልዱም።

እጃቸውን ይዛ ከማቆሚያው ጀርባ ወዳለችው ሻይ ቤት አስገባቻቸው። ጋሽ አንድቃል ዓይናቸው በመስኮቱ በኩል ማቆሚያው ላይ ነበር። አውቶቡሱ መጣ፣ ሄደ። ቅር አላቸው፤ ነገር ግን ሻዩ ተቀድቶ ነበርና ተቀመጡ።

ነገሩን ሲያስረዱ እንዲህ አሉ። መኪና መሸጫው ውስጥ ሻጭ ሆኖ የሚሠራው ልጅ የልብ ወዳጃቸው የጡረተኛው ሹፌር ልጅ ነው። ከሃያ አምስት ዓመት በፊት ሥራ ቤታቸው በእሳት ሲጋይ ያ ሹፌር አንድ ወር ሙሉ ከመሰንጠቂያው እንጨት ያመላለሰላቸው በነጻ ነው፤ የነዳጁን እንኳ አልተቀበላቸውም። እንግዲህ የዚህን ሰው ልጅ ፊት ለፊት ቆመው «ስንት ነው? ቀንስ» ይበሉት? በዚያ ላይ ዋጋው በማሽን ታትሞ በመኪናው የፊት መስታወት ላይ ተለጥፏል። የታተመ ነገር ደግሞ ክርክር አያውቅም።

«ታዲያ የታተመውን አነበቡት?»

«መነጽር አልያዝኩም ነበር። ደግሞ እያፈጠጡ ማንበብስ ምን ይባላል? ስድስት መቶ አካባቢ ነው ሲሉ ሰምቻለሁ።»

«ጋሼ፣» አለች ልጅቱ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «እኛ ሆስፒታል አንድ ካርቶን ጓንት ስንገዛ እንኳ ሦስት ነጋዴ ዋጋውን በፕሮፎርማ ጽፎ እንዲሰጠን እንጠይቃለን። ሦስቱንም አብረን እናያለን። እስከ ዛሬ በዚህ የተቀየመን ነጋዴ አላየሁም።»

«የመንግሥት ቤት ሌላ፣ የሰው ፊት ሌላ። ዋጋ የሚከራከር ሰው ሻጩን ዋሽተሃል ማለቱ ነው። እኔን ዋጋ የሚከራከረኝ ሰው ምን እንደሚሰማኝ አውቃለሁ።»

«እርስዎ ያንን አንድ ቃልዎን ከየት ነው የሚያመጡት? ዝም ብለው ነው የሚጠሩት?»

ደፈረችኝ ብለው ትክ ብለው አዩአት። «ዝም ብዬማ አልጠራም። በጣውላ ፍልጥ ላይ በእርሳስ እጽፋለሁ። እንጨቱን ይህን ያህል፣ ማጠፊያውን ይህን ያህል፣ ኮላውን፣ የእጄን ቀን። ደምሬ ነው የምናገረው።»

«ፍልጧን ለሰው ያሳያሉ?»

«ለጠየቀኝ ምን ቸገረኝ።»

«ስንት ሰው ጠይቆዎት ያውቃል?»

ጋሽ አንድቃል ብርጭቆውን እያዞሩ አሰቡ። «ሁለት። አንዱ አስተማሪ ነበር።»

«ተቀየሙት?»

«አልተቀየምኩም። እንዲያውም ወደድኩት» አሉ፤ ይህን ሲናገሩ ራሳቸውም ትንሽ ገረማቸው።

እዚህ ላይ ልጅቱ አፏን ሰብስባ ብትተወው ጥሩ ነበር፤ ግን ወጣት ናትና ቀጠለች። ቀንስ ማለትና ዘርዝር ማለት ሁለት የተለያዩ ነገሮች እንደሆኑ፣ መዘርዘር ማንንም እንደማያዋርድ፣ ሻጩም ነጋዴ ነውና ትርፉን የማግኘት መብት እንዳለው፣ ገዢውም ምን እንደሚከፍል የማወቅ መብት እንዳለው አስረዳች። ቀጥላም መኪናዋን እንደሚፈልጓት ለሻጩ አሳውቀው እንደሆነ ጠየቀች።

ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ባለፈው ሳምንት ሄደው የኋላ ጭነት ማስቀመጫዋን በሜትር እንደለኩ፣ አንሶላው እንዳይርስ ክዳን ያለው የጣውላ ሣጥን በልኳ እንደሠሩ፣ ሣጥኑም ቫርኒሽ ተቀብቶ ሥራ ቤታቸው ውስጥ እንደቆመ ተናገሩ።

ልጅቱ የተጎነጨችው ሻይ ትን አላት። «ጋሼ! ሻጩ ሲለኩ እያየዎት?»

«ሜትሩን በዚያኛው ጫፍ የያዘልኝ እሱ ነው።»

ሁለቱም ሳቁ፤ አስተናጋጇም ምን እንደሆነ ሳታውቅ አብራ ሳቀች።

ከዚያ ልጅቱ ስልኳን አውጥታ ያንኑ ዓይነት መኪና ወደሚሸጡ ሌሎች ሁለት ቤቶች ደወለች። ድምጹን ከፍ አድርጋ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ስሟን ተናግራ፣ ለሚቀጥለው ሳምንት የሚደርስ እንደሆነ፣ ማጓጓዣውና የሰነዱ ወጪ ተጨምሮ ጠቅላላው ስንት እንደሚሆን በትሕትና ጠየቀች። አንደኛው አምስት መቶ ዘጠና ዘጠኝ ሺህ አለ፤ ሁለተኛው ስድስት መቶ ሦስት ሺህ፣ ግን መኪናው የሚደርሰው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው አለ። ሁለቱም አመስግነው ስልኩን ዘጉ። የተቆጣ አልነበረም። ልጅቱ የሁለቱንም ቃል በወረቀት ላይ አሰፈረች።

«ይህ ስለላ ነው» አሉ ጋሽ አንድቃል።

«ገበያ መጠየቅ ነው።»

«ለሆስፒታል ይሁን። እኔ በስተርጅና በወዳጄ ፊት ዓይኔን በጨው አጥቤ አልከራከርም። ይህን ያህል ዓመት ያልሆንኩትን ዛሬ አልሆንም።» ተነሥተው ኮታቸውን አስተካከሉ።

ልጅቱ አልተነሣችም። «ጋሼ፣ አንድ ነገር ብቻ ልበል። እርስዎ ይሉኝታ ይዞዎት የጠሩልዎትን ቢከፍሉ መብትዎ ነው፤ ከእርስዎ ግማሽ ይክፈሉ። ግማሹ ግን የእናቴ ነው። በእናቴ ገንዘብ ይሉኝታ እንዲይዝዎት ማን ፈቀደልዎት?»

ጋሽ አንድቃል መልሰው ተቀመጡ። እህታቸው በክረምት የሰው አንሶላ ስታጥብ ጣቶቿ እንዴት እንደሚሰነጣጠቁ ያውቃሉ፤ ሰም ሲቀቡላት ኖረዋል። እስካሁን በዝምታቸው የሚያወጡት ገንዘብ የራሳቸው ብቻ እንደሆነ አድርገው ነበር የሚያስቡት። አፈሩ፤ በእህታቸው ልጅ ፊት ማፈር ደግሞ ለእሳቸው ቀላል አልነበረም።

«እንዴት ብዬ ነው የምጀምረው?» አሉ ቆይተው፣ ቀስ ብለው።

«እንደ አናጺ ይጀምሩ» አለች።

መኪና መሸጫው ሲገቡ አዲስ ጎማ ሸተታቸው። ፒክአፗ በመስታወቱ ግድግዳ አጠገብ ቆማለች፤ ልጅቱ የፊት መስታወቷ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት አነበበችላቸው፦ ስድስት መቶ ሠላሳ ስምንት ሺህ። ካላቸው በአሥራ ስምንት ሺህ ይበልጣል፤ ኢንሹራንሱና ሰሌዳው ገና አልተቆጠረም። ጋሽ አንድቃል በኮታቸው ላይ ደብተራቸውን ዳሰሱ።

ሻጩ ወጣት ሮጦ መጥቶ ትከሻቸውን ሳመ፣ ወንበር ሳበላቸው። የአባቱን ደኅንነት ጠየቁት፤ እሱም ሣጥኑ ማለቁን ጠየቃቸው። ልጅቱ ሆን ብላ ወለሉን ታያለች።

«ልጄ፣» አሉ በመጨረሻ፣ «እኔ ዕቃ ስሠራ እንጨቱን ለብቻ፣ ማጠፊያውን ለብቻ፣ እጄን ለብቻ እጽፋለሁ። አንተም የዚህችን ዋጋ እንደዚያ ዘርዝረህ ጻፍልኝ።»

ወጣቱ ብዕሩን አውጥቶ ጻፈ። መኪናዋ አምስት መቶ ዘጠና ሺህ፤ ማጓጓዣና ዝግጅት አሥራ አራት፤ ፀረ ዝገት ቅብ አሥራ ስምንት፤ የወንበር ልብስና የወለል ምንጣፍ ዘጠኝ፤ የሰነድ ማስፈጸሚያ ሰባት። ጋሽ አንድቃል ዝርዝሩ ከቀረበላቸው በኋላ ፍርሃቱ ለቀቃቸው፤ ወረቀቱ የሚያውቁት ነገር ሆነ። ጣታቸውን ሦስተኛው መስመር ላይ አሳረፉ።

«ይህን ቀብታችኋል ወይስ ገና ልትቀቡ ነው?»

«ከከፈሉ በኋላ ነው የምንቀባው።»

ሽማግሌው በክት ሱሪያቸው ወለሉ ላይ ተንበርክከው ወደ መኪናዋ ሥር አጎነበሱ፤ እጃቸውን ሰደው በጥፍራቸው ጫር አደረጉ። ዕድሜ ልካቸውን ቫርኒሽ ሲቀቡ የኖሩ ሰው ናቸው። «ፋብሪካው ቀብቶታል፤ ያውም በወፍራሙ። ቅብ በቅብ ላይ ሲሆን ይላጣል እንጂ አይይዝም» አሉ ሲነሡ።

የወጣቱ ፊት ቀላ። አለቃው ወዳለበት የመስታወት ክፍል ገልመጥ ብሎ ድምጹን ዝቅ አደረገ። «ጋሼ፣ እውነቱን ልንገርዎት። ወረቀት ላይ ያለው ዋጋ ለማይጠይቅ ሰው የተጻፈ ነው። ከደንበኞቻችን አብዛኞቹ ይከራከራሉ፤ ለእነሱ የምንቀንሰውን የሚሞላልን ሳይጠይቅ የሚከፍለው ሰው ነው። ባለፈው ሳምንት ለክተው ዋጋ ሳይጠይቁ ሲወጡ ጨነቀኝ። እኔ ራሴ ጀምሬ ልቀንስልዎት አልችልም፤ አለቃዬ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ደንበኛው ጠይቋል ወይ ብሎ ነው።»

ጋሽ አንድቃል ወረቀቱን መልሰው አዩት። በሕይወታቸው ስንት ነገር ገዝተዋል፤ ጨዋ ነኝ ብለው የከፈሉት ሁሉ ለተከራካሪው ቅናሽ ሲሆን ኖሯል ማለት ነው። መጣላት ለሚወደው ሰው ዝም የሚለው ሰው እየከፈለለት።

ልጅቱ የጻፈችውን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አኖረች፤ የሁለቱን ቤቶች ዋጋ እንዳለ አሳየች። አልጨመረችም፣ አልቀነሰችም። አጎቷም እንዲህ አሉ፦ «በኪሳራ ሽጥልኝ አልልህም። አንተም ቤትህም የማትጎዱበትን፣ እኛም ስንጠቀምባት የማንቆጭበትን ንገረኝ። የማንፈልገውን ቅብና የወንበር ልብስ አውጣው።»

ወጣቱ ወደ መስታወቱ ክፍል ሄዶ ስድስት መቶ ስምንት ሺህ ይዞ ተመለሰ። ልጅቱ አመስግና ተነሣች፤ የሌላውንም ቤት መኪና አይተን እንወስናለን አለች። ከዚህ ሁሉ ለጋሽ አንድቃል የከበዳቸው እዚያ በር ድረስ መራመድ ነበር። ሣጥኑ ቤት ቆሟል፤ ልኳን የወሰዱላት መኪና ከኋላቸው ናት። ዞር ብለው ሊያዩአት አንገታቸው እየሳባቸው ጥርሳቸውን ነክሰው ተራመዱ። የበሩን እጀታ ሲይዙ ወጣቱ ጠራቸው።

የመጨረሻው ዋጋ ስድስት መቶ ሁለት ሺህ ሆነ፤ የወለሉ ምንጣፍ በነጻ። ከርካሹ ቤት በሦስት ሺህ ይበልጣል፤ ግን የዚህኛው ቤት ጋራዥ ሰፈራቸው አጠገብ ስለሆነ አጎትና የእህት ልጅ ተያይተው ተስማሙ። ልጅቱ ጠቅላላው ዋጋ፣ የመረከቢያው ቀንና ከዝርዝሩ የወጡት ነገሮች በሙሉ ተጽፈው ማኅተም እስኪያርፍባቸው ድረስ የባንክ ደብተሩ ከኮቱ ኪስ እንዳይወጣ አደረገች። የተረፈው አሥራ ስምንት ሺህ ኢንሹራንሱንና ሰሌዳውን ቻለ። እናትየው ዕቃ ሳትሸጥ፣ ሳትበደር፣ ከወሩ መጀመሪያ አንስቶ አንሶላዋን በሣጥኑ ማመላለስ ጀመረች።

የዚህ ታሪክ ተራኪ አንባቢውን የሚያሳስበው ይህንን ነው። አዲስ መኪና የሚገዛ ሰው ከቤቱ ሳይወጣ የሌላውን ቤት ዋጋ ይወቅ፤ የሚከራከረው በጠቅላላው ዋጋ እንጂ በቁራጩ አይሁን፤ ያልፈለገውን ነገር ከዝርዝሩ ያስወጣ፤ ቢወዳትም ፍቅሩን ለሻጩ አያሳይ፤ በተለይም ሳይገዛ ሣጥን አይሥራላት። ይህን ሁሉ ሳይሳደብና ሳይጮህ ሊያደርገው ይችላል። ጋሽ አንድቃል ያን ቀን ከሻጩ ጋር ሲለያዩ ትከሻቸውን እንደ መጀመሪያው ተስመዋል።

ግን የሽማግሌው ልብ ገና አልረጋም ነበር። ወዳጃቸው ምን ይላል? ጡረተኛው ሹፌር በሳምንቱ ወደ ሥራ ቤቱ ሲመጣ፣ ጋሽ አንድቃል የጀመሩትን መላግ አቁመው ቀና አሉ።

«ከልጄ ጋር ዋጋ ተከራከርክ አሉ» አለ ሹፌሩ ጉቶው ላይ እየተቀመጠ።

«ተከራከርኩ።»

«ደግ አደረግህ። እሱም ደስ ብሎታል።» ሹፌሩ ባርኔጣውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አኖረ። «እኔ ግን ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ያልተከራከርኩህ ነገር አለ። ለታላቋ ልጄ ሠርግ ቤቴን ሳሳምር የሠራህልኝን ቁም ሣጥን ታስታውሳለህ? ዋጋውን ስትነግረኝ ደነገጥኩ። ይሉኝታ ይዞኝ ዝም ብዬ ከፈልኩ። ከዚያ ወዲህ ቤቴ የመጣ እንግዳ ሁሉ ሲያደንቀው፣ ቆንጆ ነው ግን አስወደደብኝ እላለሁ። ልጄ የአንተን ነገር ሲነግረኝ ነው ኅሊናዬ የወቀሰኝ።»

ጋሽ አንድቃል መላጊያቸውን አስቀመጡ። ወዳጅነታቸውን በዝምታ ሲጠብቁ የኖሩ መስሏቸው ነበር፤ ለካ በዝምታው ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ሲታሙ ኖረዋል። ከተላጉት ፍልጦች አንዷን አንስተው ከጆሯቸው ላይ እርሳሳቸውን አወረዱ። ረስተውት አያውቁም፤ እንጨቱን፣ ማጠፊያውን፣ ቁልፉን፣ ትልቁን መስታወት፣ የእጅ ዋጋ የስድስት ቀን ብለው ጽፈው ደመሩና አቀበሉት።

ሹፌሩ ፍልጧን ከዓይኑ አርቆ አነበበ። «መስታወቱ ብቻውን ይህን ያህል ነበር?»

«ከውጭ የመጣ ነበር። ደረሰኙ ይኖረኛል።»

«ግን ዘጠኝ ቀን ነው የሠራኸው። እየመጣሁ አይህ ነበር እኮ። እዚህ ስድስት ቀን ነው የጻፍከው።»

«ሦስቱን ቀን አላስከፈልኩህም። ያን ጊዜ ስላመላለስክልኝ እንጨት ነው።»

ሹፌሩ ስድስት የሚለውን ቁጥር በአውራ ጣቱ ዳበሰ።

«ምነው ያኔ ብትነግረኝ» አለ።

«ምነው ያኔ ብትጠይቀኝ» አሉ ጋሽ አንድቃል።

ደጅ ፒክአፗ ቆማለች፤ እህትየው የታጠፈ አንሶላ ሣጥኑ ውስጥ ትደረድራለች። ሹፌሩ ባርኔጣውን ደፍቶ ተነሣ፤ ፍልጧን ግን አላስቀመጣትም፣ ብብቱ ሥር ወሸቃት።

«ወዴት ልትወስዳት ነው?»

«ቁም ሣጥኑ ውስጥ አኖራታለሁ። እንግዳ ሲመጣ ከፍቼ አሳያለሁ።»